አምስት ሰው፣ ስድስት ሌሊት፣ ደሴ፦ ርካሹ አልጋ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ የደሴ ልጅ ነው፤ እኔና ልጆቼ ግን አገሩን በወሬ እንጂ በዓይናችን አናውቀውም። በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስድስት ሌሊት ለማሳለፍ አስበናል። ሁለት አዋቂና ሦስት ልጆች ነን፤ ወንዱ 16፣ ሴቷ 14፣ ትንሹ ወንድ 12 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ አንድ ሰፊ ክፍል ይዘን ፍራሽ እናስጨምር፤ ካልሆነም መናኸሪያው አካባቢ ርካሽ አልጋ አይጠፋም ይላል። አንድ ወዳጃችን ደግሞ ኮምቦልቻ ማደር ይሻላል፣ ይረክሳል ብሎናል። በመካከል ላሊበላን በአንድ ቀን አይተን ወደ ደሴ ለመመለስ አቅደናል። የባለቤቴ አክስት ቤቷ እንድናርፍ ትፈልጋለች፤ አምስት ሆኖ ሰው ቤት መግባት ግን ከበደኝ። ገንዘባችን የተቆጠረ ነው። የት እንረፍ?»

ምላሽ፦ ስህተቱ ያለው ቆጠራው ላይ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። «ሁለት አዋቂና ሦስት ልጆች» ብለዋል። አልጋ ቤት ውስጥ ልጅ የሚባለው ከእናቱ ጎን ተጠግቶ የሚያድር ሕፃን ነው። የ16 ዓመቱ ልጅዎ ምናልባት አባቱን በቁመት ደርሶበታል። ሜትር ከሃያ አልጋ ላይ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ቢያስተኙት ሲገፋፉ አድረው አንዱ የሚነጋበት ወለል ላይ ነው። የ14 ዓመቷ ልጅዎ ደግሞ ዘግታ ልብስ የምትቀይርበት በር ያስፈልጋታል፤ ይህ ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ አምስት አዋቂ ናችሁ። አልጋውንም፣ ሳህኑንም፣ የመኪናውንም ወንበር የምትከፍሉት በአምስት ነው። ይህን ካልተቀበሉ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ውድ መስሎ ይታይዎታል።

የባለቤትዎ ሐሳብ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ያዋጣ ነበር። ዛሬ የማያዋጣው በብዙ ምክንያት ነው። ደሴ ውስጥ ለአምስት ሰው ታስቦ የተሠራ ክፍል ማግኘት ብርቅ ነው፤ አብዛኛው ክፍል የተሠራው ለነጋዴ፣ ለሾፌርና ለስብሰባ ለሚመጣ ሠራተኛ ነው። አንድ ደብል አልጋ ወይም ሁለት ትንንሽ አልጋዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሻወር፤ በቃ። «ሰፊ» የሚባለው ክፍል ሰፊ የሆነው ሶፋ ስለገባበት ነው፤ ዋጋውም በሶፋው ልክ ይጨምራል። ተጨማሪ ፍራሽ በነጻ የሚሰጥ ቤት አለ፤ የሚያስከፍለው ግን ይበዛል፤ አንዳንዱም ከሁለት ሰው በላይ በአንድ ክፍል አያስገባም። ከሁሉ የሚብሰው ውሃው ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተዘረጋች ከተማ ናት፤ የጥር ሌሊቷ አጥንት ድረስ ይገባል። ማሞቂያው ደግሞ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ በርሜል ነው፤ ሁለት ሰው ከታጠበበት በኋላ እንደገና እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ጎረምሳ ሻወር ውስጥ ከገባ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። አራተኛው ሰው ሲገባ የሚወርድበት የጦሳ ምንጭ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ስድስት ሆነው የመጡ ቤተሰቦች እኔው ራሴ በሰጠሁት ምክር አንድ ትልቅ ክፍልና ሁለት ፍራሽ ወሰዱ። በሁለተኛው ሌሊት፣ 5 ሰዓት ሲሆን፣ አባትየው ጋቢውን እንደተከናነበ ወርዶ ሌላ ክፍል እንድሰጠው ለመነኝ። የሠርግ እንግዶች ቤቱን ሞልተውት ስለነበር የምሰጠው አልነበረኝም። ሶፋው ላይ ተጋደመ፤ እኔም ሻይ አፈላሁለት። ከዚያ ወዲህ ጎረምሳ ላለው ሰው አንድ ክፍል ይበቃል ብዬ መክሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ብሩ። ሰዎች ሁለት ክፍል ሲባል ወጪው እጥፍ የሚሆን ይመስላቸዋል። የትኛው ዓይነት ቤት እንደሆነ ሳይጠይቁ ይህን ማለት አይቻልም። ለስሌት ያህል ብቻ፣ አንድ ሆቴል የአንድ ክፍል ዋጋ 2,000 ብር ነው ይበልዎት። የአገልግሎት ክፍያ 10 በመቶ ከተጨመረ 2,200 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 2,530 ብር ይመጣል። ቁርስን ጨምሮ ቢባልም ቁርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለሁለት ሰው ነው፤ ሦስቱ ልጆች ለየብቻቸው ይከፍላሉ። በአንጻሩ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ፔንሲዮን አንዱን ክፍል ሁሉም ነገር ታስቦ በ1,100 ብር ቢሰጥዎት ሁለቱ ክፍሎች 2,200 ብር ናቸው። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሻወር፣ ሁለት ማሞቂያ አግኝተው ከአንዱ የሆቴል ክፍል ያነሰ ከፈሉ ማለት ነው። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ የዘንድሮውን ዋጋ በስልክ ያረጋግጡ። አሠራሩ ግን ይኸው ነው፦ የሚወዳደረው በሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሳይሆን አምስታችሁ ታጥባችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ ስትወጡ የሚከፈለው ድምር ነው።

ሁለቱን ክፍሎች እንዴት እንደምትከፋፈሉም ልናገር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ባልና ሚስት አንዱን፣ ሦስቱ ልጆች ሌላውን ከወሰዱ ሴት ልጅዎ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ልትቀር ነው። አያድርጉት። እርስዎና ልጅዎ ደብል አልጋ ያለውን ክፍል ይያዙ፤ አባትና ሁለቱ ወንዶች ሁለት አልጋ ያለውን ይያዙና ለትንሹ ፍራሽ ይጨመርለት። ጥቂት ሌሊት ተለያይቶ ማደር ትዳር አያናጋም፤ ባለቤትዎ ካጉረመረሙ ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት መምጣት እንደነበረባቸው ይንገሯቸው። ክፍሎቹ ጎን ለጎን ወይም ፊት ለፊት ይሁኑ። አንዱ ምድር ቤት ሌላው ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ አይቀበሉ፤ ቁልፍ፣ ቻርጀርና የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ትውላላችሁ።

መናኸሪያ አካባቢ ያለው አልጋ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። የሚረክሰው ግን ለአንድ ዓይነት እንግዳ ስለተሠራ ነው፦ ማታ ገብቶ ንጋት ላይ አውቶቡስ ለሚይዝ መንገደኛ። ሻወሩ የጋራ ነው፤ የአውቶቡስ ረዳቶች ጥሪ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው፤ አንዳንዱ አልጋ ቤት በሰዓት ስለሚያከራይ ኮሪደሩ ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። ብቻውን ለሚጓዝ ወንድ ለአንድ ሌሊት ይሁን። ሴት ልጅ ይዞ ለስድስት ሌሊት ግን ዋጋው በነጻ ቢሆንም አልመክርም። መናኸሪያ የሚያስመርጠው የማለዳው አውቶቡስ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመነሻችሁ ዋዜማ ላይ ሁለት ባጃጅ ተነጋግሮ ማደር ነው። ባጃጅ አምስት ሰው ከነሻንጣው አይችልም፤ አንድ ይበቃል የሚል ሾፌር ካገኙ ሌላ ይፈልጉ።

ኮምቦልቻን በተመለከተ ወዳጃችሁ ግማሽ እውነት ይዟል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሞቃት ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያ ነው። ብርድ የማይችል ሕፃን ወይም አዛውንት ቢኖራችሁ ኖሮ እኔም ኮምቦልቻን እል ነበር። ነገር ግን ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ያሉት እዚያ በመሆኑ የሥራ ቀን አልጋው በሠራተኛና በነጋዴ ይያዛል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይረክሳል ማለት አይቻልም። ቢረክስም የናንተ ጉዳይ ያለው ደሴ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። አምስት ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ በቀን አሥር ወንበር ይከፍላል፤ በአምስት ቀን ሃምሳ ወንበር። በዚያ ላይ ማታ አክስት ቤት ቡናው ሳያልቅ «ታክሲ እንዳያመልጠን» እያሉ መነሳት አለ። ወሎ ውስጥ አቦሉን ቀምሶ በረካው ሳይደርስ የሚሄድ እንግዳ ሂሳቡ በብር አይታሰብም።

የአክስቲቱን ነገር ከዚህ ጋር እናንሳው። ከብዶኝ ነው ማለትዎ ልክ ነው፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ እምቢ ማለት ሌላ ስህተት ነው። ዘመድ ቤት ማረፍ ርካሽ የሚመስለው ወጪው በሌላ ሰው ኪስ ስለሚታሰብ ነው። አክስት ዶሮ ይገዛሉ፣ እንጀራ በእጥፍ ያስጋግራሉ፣ ፍራሽ ከጎረቤት ይዋሳሉ፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ የሦስት ቀን ጀሪካን በአንድ ጠዋት ያልቃል። እናንተም ባዶ እጅ አትገቡም፤ ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት ተይዞ ነው የሚገባው። ልጆቹም በማያውቁት ቤት፣ በማያውቁት ሰው ፊት ስድስት ቀን ጨዋ ሆነው መዋል አለባቸው፤ ይህን ከጎረምሳ መጠበቅ ይከብዳል። በሌላ በኩል ደሴ ገብቶ ፔንሲዮን አርፎ ነገሩ በሦስተኛው ቀን ከተሰማ የሚመጣው ቅያሜ ዓመት አይበቃውም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይነገራቸው። የሚደውለው ደግሞ ባለቤትዎ ይሁኑ፤ አክስታቸው ናቸውና ከእርስዎ አፍ ከሰሙት «ሚስቱ ከለከለችው» ይሆናል። የሚባለው ነገር አጭር ነው፦ «ልጆቹ ረዝመዋል፤ ለሌሊቱ አልጋ ይዘናል፤ ምሳና ቡና ግን እርስዎ ዘንድ ነው፤ የመጨረሻዋን ሌሊት ደግሞ እርስዎ ጋር እናድራለን።» የመጨረሻዋ ሌሊት የግድ ናት። እሷ ካለች አክስትም አይቀየሙም፣ እናንተም የአንድ ሌሊት አልጋ ትቆጥባላችሁ።

ሙሉ ዕቃ ያለው ቤት መከራየትስ? አዲስ አበባ እንደለመዱት ብዙ አይደለም፤ ሲገኝም አከራዩ ሳምንት ወይም ወር መጠየቅ ይወዳል። ማዕድ ቤት ስላለው የምግብ ወጪን ይቀንሳል። ጉድለቱ መብራት ሲጠፋ፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ ቁልፍ ሲሰበር የሚጠሩት ሰው አለመኖሩ ነው። እናንተ ምሳችሁን ዘመድ ቤት የምትበሉ ከሆነ ማዕድ ቤቱ ብዙም አይጠቅማችሁም። ይለፉት።

ፔንሲዮኑን ስለማግኘት። በኢንተርኔት የሚታየው የከተማው አልጋ ጥቂቱ ነው፤ ያ ጥቂቱም ውዱ ነው። ጥሩዎቹ ትንንሽ ቤቶች ስልክ እንጂ ድረ ገጽ የላቸውም፤ ስለዚህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ የባለቤትዎ አንድ የአክስት ልጅ ግማሽ ቀን ወስዶ ሦስት አራት ቤት ገብቶ እንዲያይላችሁ ማድረግ ነው። ከከተማው መሃል፣ ከደሴው ፒያሳ፣ በእግር የሚደረስ፣ ነገር ግን ከዋናው አስፋልት አንድ መንገድ ገባ ያለ ቤት ይፈልግ። አልኮል የማይሸጥባቸው ፔንሲዮኖች ደሴ ውስጥ አሉ፤ ለቤተሰብ ከሁሉ የሚመቹት እነሱ ናቸው፤ ከታች ጭፈራ ቤት ያለበት ፎቅ ላይ ግን ምንም ያህል ቢያምር አይግቡ። ዝምታ ብለው ቃል ቢገቡልዎትም ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ አዛኑም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ ይሰማል። እኔ በሁለቱ መካከል ስላደግሁ እንቅልፍ ያመጣልኛል፤ ልጆችዎ በመጀመሪያው ቀን ይነቃሉ፣ በሦስተኛው ይለምዱታል።

የሚሄደው ልጅ አልጋውን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ። ሻወሩን ከፍቶ ውሃው እስኪሞቅ ይጠብቅ። ሮቶው ስንት እንደሚይዝ፣ ውሃ ሳይመጣ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ይጠይቅ። «ጀነሬተር አለን» ቢሉት ማሞቂያውንም ያሠራ እንደሆነ ይጠይቅ፤ በትንንሽ ቤቶች ጀነሬተሩ አምፖልና ቴሌቪዥን እንጂ ማሞቂያ አይችልም። ብርድ ልብሱ ስንት እንደሆነ ይቁጠር፤ ክፍል የሚያሞቅ ነገር እዚህ አይጠብቁ፤ ከቤትዎ ሁለት ጋቢ ይዘው ይምጡ። ሶኬቱንም ይሞክር፤ አምስት ስልክ በአንድ ሶኬት ስትሞሉ ጠብ ይነሳል፤ ማከፋፈያ ገመድ ከሻንጣው አይጥፋ። ዋይፋይ አለ ሲባል ስልኩን አውጥቶ እዚያው ይሞክር፤ የማይሠራ ከሆነ ለልጆቹ የሳምንት የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ለዋይፋዩ ብሎ ውድ ክፍል ከመያዝ ይሻላል።

ዋጋ ሲጠይቅ ደግሞ «አልጋ ስንት ነው?» አይበል። «ሁለት ክፍል፣ አምስት ሌሊት፣ አምስት ሰው፣ ከታክሱ ጋር ስንት ትሉናላችሁ?» ይበል። ለአንድ ሌሊት የሚጠየቅና ለአምስት ሌሊት የሚጠየቅ ዋጋ አንድ አይደለም፤ በተለይ በሥራ ቀናት ባለቤቱ ራሱ ካለ ይቀንሳል። እንግዳ ተቀባዩ ሥልጣን የለውም፤ ከእሱ ጋር አትከራከሩ፤ ባለቤቱን አስጠሩ።

ቀብድን በሚመለከት አስጠነቅቃለሁ። ቤቱን የራሳችሁ ሰው ሳያየው በቴሌብርም ሆነ በባንክ ገንዘብ አይላኩ። ከታየ በኋላ የአንድ ሌሊት ዋጋ ብቻ ይላኩ፤ ሙሉውን የሚጠይቅ ቤት ይለፉ። ገንዘቡ የሚገባበት ስም የቤቱ ወይም የባለቤቱ መሆኑን ያረጋግጡ፤ «አልጋ እይዝላችኋለሁ» የሚል ደላላ የሚቀበለው ለራሱ ነው፣ ኮሚሽኑንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። የከፈላችሁበትን መልእክት አታጥፉ፤ የክፍሎቹን ቁጥር በጽሑፍ ይላኩላችሁ። አንድ ወዳጄ በስልክ ያየው ፎቶ ላይ የነበረው ክፍል የእውነት ነበር፤ ችግሩ ያ ክፍል የሌላ ቤት መሆኑ ነው።

ጥር የሠርግ ወር መሆኑን አይርሱ። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ቅዳሜና እሑድ የሁለቱም ሃይማኖት ሠርገኞች አልጋውን ይይዙታል፤ የማይቀንሰው ዋጋም የዚያን ጊዜ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ ቅዳሜ ጠዋት ብትወጡ ስድስቱን ሌሊት ከቅዳሜው ግርግር ውጭ ታሳልፋላችሁ። ክፍል የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ዓርብ ጠዋት ለቅቃችሁ ሻንጣውን አክስት ቤት ታደርሳላችሁ።

መታወቂያ የሁላችሁም ይጠየቃል። ልጆቹ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌላቸው የትምህርት ቤት መታወቂያቸውንና የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ይያዙ። አባትና ልጅ ወይም እናትና ልጅ ለየብቻ ክፍል ሲይዙ እንግዳ ተቀባዩ መጠየቁ ሥራው ነው፤ ልጅዎን ይዘው ሲገቡ ዝምድናችሁን ቢጠይቅ አይቆጡ። የሚጠይቅ ቤት ከማይጠይቅ ይሻላል።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ፔንሲዮኑ ቁርስ ከሌለው አይዘኑ፤ ሰፈር ውስጥ ፉልና ሻይ የሚሸጥ ቤት አይጠፋም፣ ጎረምሳም በሆቴል ቁርስ አይጠግብም። ሥጋ ቤት ስትገቡ የሙስሊም ወይም የክርስቲያን መሆኑን መጠየቅ እዚህ ነውር አይደለም፤ በወሎ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ስላለ ከዘመድ ጋር ስትወጡ ለሁሉ የሚሆነውን ቤት እነሱ ይምረጡ።

ላሊበላ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚባለውን ከሐሳባችሁ አውጡት። ከደሴ ወልድያ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተራራ መንገድ ነው። ሄዳችሁ ብትደርሱ እንኳ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን በሁለት ሰዓት ሮጦ ማየት ይቀራል፤ ሲመሽ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ መገኘት የለባችሁም። ላሊበላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። ያ ማለት ሁለት ተጨማሪ ክፍል፣ የደሴው አልጋ ባዶውን እየተከፈለበት ወይም ሻንጣ እየተጎተተ ማለት ነው። ገንዘባችሁ የተቆጠረ ከሆነ በዚህ ጉዞ አይገባም። ሌላ ጊዜ ለብቻው፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከገና ግርግር ውጭ ይሁን፤ በገና ሰሞን እዚያ ርካሽ አልጋ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ያኔም ስትደውሉ የኢትዮጵያዊ ዋጋ ይጠይቁ፤ እዚያ ያሉ ብዙ ቤቶች ለውጭ እንግዳ የተሠሩ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚጠሩት የእነሱን ነው።

በምትኩ የሐይቅ ከተማ አለ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ አልጋ መያዝ አያስፈልግም፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። አንድ ነገር ግን ቀድመው ለልጅዎ ይንገሯት፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባበትም። አባትና ወንዶቹ ሲገቡ እናትና ልጅ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላችሁ ትቆያላችሁ። ሳታውቅ ደርሳ በር ላይ ከተነገራት ቀኑ ይበላሻል፤ ቀድማ ካወቀች ራሷ መጽሐፍ ይዛ ትመጣለች። ሰኞ ድካም ካልበዛባችሁ፣ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው የባቲ ከተማ ገበያ የሚውለው በዚያ ቀን ነው። ደሴ ውስጥ ያሉት ቀናት ደግሞ ብዙ ብር አይጠይቁም፤ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ በእግር ሄዶ ማየት፣ አንድ ጠዋት የአክስትን ልጅ መሪ አድርጎ ወደ ጦሳ መውጣት። ለትልቁ ልጅ ዳገቱ ከዋይፋዩ ይሻለዋል፤ ቢያንስ ማታ ቶሎ ይተኛል።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጊዜ ተነስታችሁ በብርሃን ግቡ። ከመነሳታችሁ ዋዜማ ላይ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሾፌርና ከዘመድ ጠይቁ፤ ወደ ሐይቅም ወደ ባቲም ስትወጡ እንዲሁ። የተላከው የአንድ ሌሊት ቀብድ ቀኑ ከተቀየረ ይሸጋገር እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምመክረው ይኸው ነው፦ ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ በእግር በሚደረስ፣ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው፣ አልኮል በማይሸጥበት ፔንሲዮን፣ የየራሳቸው ሻወር ያላቸው ሁለት ጎን ለጎን ክፍሎች፣ ከእሑድ እስከ ዓርብ ጠዋት አምስት ሌሊት፤ ስድስተኛው አክስት ቤት። ኮምቦልቻ ይቅር፣ ላሊበላ ይቅር፣ መናኸሪያ ይቅር። ሁለቱን ክፍሎች ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስይዙ፤ ጥር ከገባ በኋላ የሚደውል ሰው የሚያገኘው ሠርገኛ የተወውን ነው። ስልኩን ሲዘጉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ የአልጋው ርዝመት ስንት ነው? እግርጌው በጣውላ የተዘጋ አልጋ ለ16 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ ክፍት የሆነውን ይስጧችሁ።